የሎ ፊቨር ካርዴ ከጃኬት ጋር ታጠበ፤ በረራዬ ማክሰኞ ነው

የሳቢያኗ፦ ድሬዎች ድረሱልኝ! የሎ ፊቨር ካርዴን፣ የቢጫ ወባ ክትባቷን ማለቴ ነው፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ ረስቼ ከነኦሞው ዘፈዘፍኩት። አሁን በእጄ ይዤዋለሁ። ስሜ ይነበባል፣ ማህተሙ ግን ወይንጠጅ ውሃ ሆኖ ፈሷል። ማክሰኞ አባቴን ለልብ ሕክምና ይዤ ወደ ህንድ እሄዳለሁ። ትኬት ቢሮ ደወልኩ፤ ያለ ካርድ አትሳፈሪም አሉኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ምን ላድርግ?

ከዚራ፦ አቦ አትደንግጪ። ነገ ጠዋት ተከተቢ፣ አዲስ ካርድ ይሰጡሻል። አለቀ።

የመጋላ ልጅ፦ እኔም እሱን ነው የምለው። ነገ ተከተቢ። አንዴ ቆንጠጥ ቢያደርግሽ ነው።

ደቻቱ፦ ቆይ፣ ድሬ ላይ የቢጫ ወባ በሽተኛ ያየ ሰው አለ? ህንዶቹ ዝም ብለው ነው ሰው የሚያንገላቱት።

ጡረተኛው መምህር፦ ዝም ብለው አይደለም ልጄ። ህንድ ውስጥ ቢጫ ወባ የለም፤ የሚያስተላልፈው ትንኝ ግን ሞልቷል። አንድ በሽተኛ ከገባባቸው ማን ያቆመዋል? ስለዚህ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሽታው ያሰጋቸዋል ከሚሏቸው አገሮች ያለ ካርድ የመጣውን እስከ 6 ቀን ለይተው ያቆዩታል። አባት ሆስፒታል፣ ልጅ ማቆያ ማለት ነው። ያ ትንኝ እዚህም አለ። በ2011 ቺኩንጉንያ ከተማውን በመገጣጠሚያ ሕመም ሲያስተኛው ያስተላለፈው እሱ ነው። ቀን ነው የሚነድፈው። የሚራባው ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜል ውስጥ ነው። ክደኑት ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ!

የአሸዋው፦ ጋሼ፣ የበርሜሉን ሌላ ቀን ያስተምሩናል። ልጅቷ ማክሰኞ ተጓዥ ናት።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ ነገ መከተብ ብቻውን አያደርስሽም። አዲስ ካርድ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሰውነትሽ መከላከያውን እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ነገ ብትከተቢ ማክሰኞ ገና 4 ቀንሽ ነው። የድሮውን መቼና የት ነው የተከተብሽው?

የሳቢያኗ፦ ውይ፣ አልጻፍኩትም ለካ። በ2006፣ ጅቡቲ ስሄድ፣ እዚሁ ድሬ። ካርዱ ላይ ደግሞ 10 ዓመት ነው የሚለው። እሱም አልፏል።

ነርስ ነኝ፦ እሱስ አያስጨንቅሽ። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ጀምሮ አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ነው። ከዚያ በፊት የተሰጠውም ጭምር። ስለዚህ አንቺ የሚያስፈልግሽ መርፌ ሳይሆን ምትክ ካርድ ነው። የተከተብሽበት ቦታ ሂጂና የ2006ን መዝገብ አስፈልጊ። በድሮው ቀን ምትክ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። የታጠበውን እንዳትጥይው፣ ይዘሽው ሂጂ። ፓስፖርት ቀይረሽ ከሆነ የድሮውንም ያዢ፤ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የሱ ነው።

ስም የለኝም፦ ቀን ወደ ኋላ አድርጎ ማህተም የሚመታ ሰው አውቃለሁ። በውስጥ አናግሪኝ።

ነርስ ነኝ፦ ተው ወንድሜ። የሐሰት ካርድ ይዛ ቦሌ ላይ ብትያዝ ልበ ሕመምተኛ አባቷን ማን ይዞ ይሄዳል?

የአሸዋው፦ ድሮ ፎቶ አንስተሽው አይሆንም? ስልክሽን፣ ቴሌግራምሽን በደንብ ፈትሺ። እኔ የዲግሪዬን ወረቀት ከአክስቴ ቻት ውስጥ ነው ያገኘሁት።

የሳቢያኗ፦ አገኘሁት! አልሐምዱሊላህ! ለወንድሜ ልኬለት ነበር። ጣቴ ግማሹን ሸፍኖታል፣ ቀኑና ባች ቁጥሩ ግን ይነበባሉ። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በራቸው ላይ ነኝ።

ነርስ ነኝ፦ ፎቶው ብቻውን አያሳፍርሽም። ቀኑን ካወቁ ግን ገጹን ቶሎ ያገኙታል። መዝገቡ ከጠፋ ሳትውዪ ሳታድሪ እዚያው ተከተቢ፤ ሆስፒታሉም ቀጠሮውን ይገፋላችሁ እንደሆነ ጻፊላቸው። የአባትሽንስ ካርድ አይተሽዋል? አባትሽ ካልተከተቡ፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሐኪማቸውን ሳታማክሪ እንዳታስከትቢያቸው።

ከዚራ፦ ቅዳሜ ሆነ እኮ። የሳቢያኗ፣ መዝገቡ ተገኘ? የ10 ቀኑን ነገር አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ። ቶሎ ጻፊልን፣ አባትሽንም አላህ ያሽርልሽ።