ክረምቱን ደጋ ከርማችሁ ድሬ ለምታስተምሩ፦ መስከረምን እንዴት ነው የምታልፉት?

ባዮሎጂ_9ኛ፦

ሰላም የድሬና የሐረር መምህራን። ድሬ ሳስተምር ዘንድሮ አራተኛ ዓመቴ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ክረምቱን ሙሉ ጋቢ ደርቤ ምድጃ ጥግ ቆሎ ስቆረጥም ነው የምከርመው። ዘንድሮ ምዝገባ ላይ ስላልተመደብኩ እንቁጣጣሽን እዚያው ውዬ መጣሁ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። አዋሽ ላይ ጋቢውን አወልቃለሁ፣ የሐረርጌ ተራራ ሲጀምር መልሼ እደርባለሁ፣ ቁልቢ ላይ እጄን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር አንዱ መስኮት ይከፍትና ያ የማውቀው ትኩስ አየር ፊቴን ይለኛል። ከ2,800 ሜትር በላይ ተነስቼ 1,200 አካባቢ ላይ ነው የማርፈው።

የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ የለም፤ ቬንትሌተሩ ያንኑ ሙቅ አየር ያገላብጠዋል። በሁለተኛው ሳምንት ድምፄ ይዘጋል። ያለ ቀልድ፣ በየዓመቱ፣ መስቀል ሳይደርስ። ዘንድሮ ደግሞ የከሰዓት ፈረቃ ደረሰኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ 60 ከምናምን ልጅ፣ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ከተማው ጋደም በሚልበት ሰዓት እኔ ስለ ሴል እጮኻለሁ። ማክሰኞ ሰሌዳው ላይ «ማይቶኮንድሪያ» ብዬ ጽፌ ዞር ስል የሦስተኛው ረድፍ ልጆች ክንዳቸው ላይ እንዳሉ ተኝተዋል። አልተቆጣሁም፤ ቀናሁባቸው።

ፈረቃ እንዲቀየርልኝ ብጠይቅ «ድሬ ካልተስማማሽ ዝውውር ሙዪ» ተባልኩ። ዝውውር አልፈልግም። ማመልከቻ ልጽፍ ባስብ እንኳ ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር አንዴ ወክ ካደረግሁ ይረሳኛል። ጥያቄዬ ይቺን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። «ውኃ ጠጪ» የሚለውን ሰምቻለሁ፣ እሱን ዝለሉልኝ።

ገንደ_ቆሬ፦

አቦ ልጄ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። ድሬ ተወልጄ 27 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። እኔም ብሆን ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ ከርሜ ስመለስ ይጥለኝ ነበር። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ ለባዮሎጂ መምህሯ እኔ ልንገራት እንዴ? ላብሽ ቶሎ መውጣት እስኪጀምር፣ ጨውሽን መቆጠብ እስኪያውቅበት ጊዜ ስጪው። ያንቺ ጥፋት መስከረም ላይ እንደ ታኅሣሥ ማስተማርሽ ነው።

እኔ መስከረምን በጉሮሮዬ አስተምሬ አላውቅም። መልመጃ እሰጥና በየረድፉ እዞራለሁ፣ ስህተት ያየሁበት ጆሮ ሥር ዝቅ ብዬ እናገራለሁ። ከባዱን ምዕራፍ ገፋ አደርገዋለሁ። ዕቅዱ ላይ «ክለሳ» ብለሽ አስፍሪው፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ውኃውን ዝለሉት አልሽ፤ አልዘልም። ከፍሪጅ ያወጣሽውን በደረቀ ጉሮሮ አትድፊበት። የሸክላ እንስራ ግዢ፣ ቀለም ያልተቀባ። ውኃው በሸክላው እየወዛ ሲተን ውስጡ ያለው ይቀዘቅዛል፤ እንስራም ያልበዋል ማለት ነው። ማታ ደግሞ ነጠላ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ መስኮቱ ላይ ስቀዪው። መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ሸንኮር_ሐረር፦

ጋሼ ይቅርታ፣ ትንሽ ልከራከርዎት። እኔ የምኖረው ሐረር፣ የማስተምረው ድሬ ነው። ጠዋት ሹራብ ለብሼ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ ደንገጎ ላይ አወልቀዋለሁ፣ ማታ እዚያው ደንገጎ ላይ መልሼ እለብሰዋለሁ። ሁለት ሳምንት ጠብቅ ቢሉት የኔ ሰውነት የቱን ይልመድ?

እኔን ያዳነኝ ምሳ መቀነስ ነው። ድሮ አንድ ሙሉ ፍርፍር ጥርግ አድርጌ ስገባ ከተማሪዎቹ በፊት የሚያንቀላፋው እኔ ነበርኩ። አሁን ጠዋት ቤት ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) እጠጣለሁ፣ ድሬ ሙዝ ነገር እቀማምሳለሁ፣ ዋናውን ምግብ ማታ። ጨጓራ ካለብሽ አትስሚኝ።

የሳቢያን_እናት፦

እንስራውን ደግፌያለሁ፤ ክዳኑን ግን ማን ያስታውሳት? በ2011 ማለቂያ ላይ ችኩንጉንያ ድሬን ሲያዳርሳት እኛ ሰፈር ያልተኛ ሰው ያለበት ቤት ጠፍቶ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ እንደ ወባዋ ሌሊት አትጠብቅም፣ ቀን ነው የምትነክሰው። የምትራባውም እኛው ባጠራቀምነው ውኃ ነው፦ በርሜል፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን፣ አሮጌ ጎማ። ውኃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ሆነን ደግሞ አለማጠራቀም አንችልም።

2012 መስከረም ትምህርት ሲጀመር ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር፤ ጣቶቼ ግን ጠመኔ አይጨብጡም። ጠዋት ጠዋት የቀሚሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ነበረች። ክፍል ውስጥ ጽሑፏ የሚያምር አንዲት ተማሪ ሰሌዳው ላይ አቁሜ፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ «ይህን ጻፊ፣ ያን አስምሪበት» ማለት ጀመርኩ። የጓደኛቸውን ስህተት ለመያዝ ሲሉ ዓይናቸውን ከሰሌዳው አይነቅሉም! እኔ ስጽፍ እንዲህ አፍጥጠው አያውቁም። ጣቴ ከዳነ በኋላም አልተውኩትም፤ ለተዘጋ ድምፅም ይሆናል።

ደግሞ ትኩሳት ቢጤ ከተሰማሽ በሙቀት አታሳብቢ፣ ሄደሽ ተመርመሪ። ከዝናብ በኋላ ወባውም አለ።

ባዮሎጂ_9ኛ፦

ጋሼ፣ ስለ ላብና ስለ ሰውነት ሙቀት ባለፈው ሰኔ ስድስት ጥያቄ ለፈተና ያወጣሁት እኔው ነኝ። አፍሬያለሁ፤ በዚህ ይለፉኝ።

ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ወርጄ እንስራ ገዛሁ። አፉ ጋ ትንሽ ሸረፍ ያለ ስለሆነ ቀነሱልኝ። ባጃጅ ውስጥ አቅፌው ስቀመጥ ሹፌሩ በመስታወት አየኝና «እህቴ፣ ስንት ወሩ ነው?» አለኝ። ለክዳን ቆሎ ያመጣሁበትን ሳህን ደፋሁበት። የመጀመሪያው ቀን ውኃው ጭቃ ጭቃ ይል ነበር፣ አሁን ግን ጥሩ ነው። የምሳውን ምክር አልቻልኩም፤ ሽሮዬን ሳልበላ ክፍል አልገባም።

ትናንት አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ አቆምኩ። «ኒውክሊየስ» ላይ አንድ ፊደል ገደፈ፤ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ከሦስተኛው ረድፍ ሁለቱ እንዲያውም ከወንበራቸው ተነስተዋል። ድምፄ እስካሁን አለ። መስቀል አምስት ቀን ቀርቶታል።