ኤልዲኤል ራሱ ኮሌስትሮል ነው ወይስ ተሸካሚው?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት አባቴ እዚህ ሐዋሳ ደማቸውን ተመርምረው ነበር፤ ሐኪሙም የኤልዲኤሉን ቁጥር «መጥፎ ኮሌስትሮል»፣ የኤችዲኤሉን ደግሞ «ጥሩ» ብለው አስረዷቸው። እኔ ግን የተማርኩት ኮሌስትሮል አንድ ዓይነት ሞለኪውል መሆኑን ነው። ልዩነቱ በተሸካሚው ፕሮቲን ከሆነ፣ የፕሮቲኑ አወቃቀር ምን ይመስላል?

መልስ 1፦
የተማሩት ትክክል ነው፤ ኮሌስትሮሉ አንድ ነው። ዘይት ወጥ ላይ እንደሚሰፍፍ ሁሉ ኮሌስትሮልም ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ፣ በደም ውስጥ የሚጓዘው በጥቃቅን ቅንጣቶች ታሽጎ ነው። የኤልዲኤል ቅንጣት እምብርት በአብዛኛው ከቅባት አሲድ ጋር በተጣመረ ኮሌስትሮል የተሞላ፣ ገጽዋም ፎስፎሊፒድ በተባለ የቅባት ዓይነት አንድ ረድፍ የተሸፈነ ሲሆን፣ በዚህ ሽፋን ላይ አፖቢ 100 የተባለው ፕሮቲን እንደ መቀነት ይጠመጠማል። የቅንጣቷ ስፋት ከ20 ናኖሜትር ብዙም የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ መቀነቱ 4,536 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ሞለኪውሎች) የተቀጣጠሉበት ግዙፍ ሰንሰለት መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሕዋሳት ቅንጣቷን ከደም የሚያነሷት ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ፣ በገጻቸው ላይ በሚገኝ ተቀባይ ፕሮቲን ነው፤ ተቀባዩን ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

መልስ 2፦
ኤችዲኤልም እንዲሁ ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣት ነው፤ ዋና ፕሮቲኑ አፖኤ 1 ሲሆን 243 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። አብዛኛው አካሉ እንደ ሽቦ ጥቅል የተጠማዘዘ ነው፤ የጥቅሉ አንድ ጎን ቅባትን፣ ሌላው ጎን ውሃን ይወዳል። ገና በመፈጠር ላይ ባለችው ዝርግ ቅንጣት ጠርዝ ላይ ሁለት አፖኤ 1 በአንድ አልጋ ራስና እግር ሆነው እንደሚተኙ ወንድማማቾች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይጠመጠማሉ። አፖኤ 1 ከቅንጣት ወደ ቅንጣት መሸጋገር ይችላል፤ አፖቢ ግን ከተፈጠረባት ቅንጣት እስከ ፍጻሜዋ አይለይም።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። እንግዲያው በአባቴ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የቅንጣቶቹ ብዛት አይደለም ማለት ነው?

መልስ 1፦
አይደለም፤ የተለካው በኤልዲኤል ቅንጣቶች ውስጥ የተጫነው ኮሌስትሮል መጠን ነው። እያንዳንዷ የኤልዲኤል ቅንጣት አንድ አፖቢ ብቻ ስለምትይዝ፣ የቅንጣቶቹን ብዛት ይበልጥ የሚያሳየው የአፖቢ ምርመራ ነው። ጭነታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች የቅንጣታቸው ቁጥር ሊለያይ ስለሚችል፣ ሐኪማቸውን ስለዚሁ ምርመራ ቢጠይቁላቸው መልካም ነው።