ዳትሰን 240ዜድ፦ የሂሉክስ ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር ፊት ላይ ልግጠም?

ኤል24፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1971 ዳትሰን 240ዜድ ነው። ፊት የፋብሪካው ባለ 2 ፒስተን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) እና 271 ሚ.ሜ ድፍን ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር። ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) 7/8 ኢንች፣ ቸርኬው 14። ከተማ ውስጥ በደንብ ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፔዳሉ እየረዘመ ይሄዳል፣ መያዙም ይቀንሳል፤ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የድሮው ቶዮታ ሂሉክስ ካሊፐር ሳይበየድ እንደሚገባ አውቃለሁ። ማስተሩን ወደ 15/16 ማሳደግ ግዴታ ነው? ኋላውንስ ወደ ዲስክ ልቀይረው? ሞተሩ አልተነካም፣ ለመንገድ እንጂ ለውድድር አልፈልገውም።

ቁልፍ14፦
ካሊፐር ከመግዛትህ በፊት የጋለው ምን እንደሆነ ለይ። ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ከሄደ የፈላው ዘይቱ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ ሸራው ነው። አንተ የጻፍከው የመጀመሪያውን ይመስላል። ለእሱ መድኃኒቱ ካሊፐር አይደለም።

ዶት 3 ዘይት አዲስ እያለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ላይ ቁጥሩ 230 እና 155፣ ዶት 5.1 ላይ 260 እና 180 ነው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ስሙ ቢቀራረብም ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ ዶት 4 ሙላ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ቀይር።

ቱቦዎቹም እንደ መኪናው ያረጁ ከሆኑ ውስጣቸው ያብጣል። ዘይቱ በግፊት ይገባል፣ ሲመለስ ግን ይታገዳል፤ ሸራው ዲስኩን እያሸ ቁልቁለቱን ሙሉ ሲያግለው ይቆያል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ጎማውን በክሪክ አንሳ፣ ፍሬን ረግጠህ ልቀቅና አዙረው። ካልዞረ የካሊፐሩን የአየር ማውጫ ብሎን ፍታ። አሁንም ካልዞረ ፒስተኑ ዝጎ ተይዟል። ከለቀቀ ግፊቱን ያስቀረው ቱቦው ወይም ማስተሩ ነው፤ እንደገና ረግጠህ በዚህኛው ጊዜ መስመሩን ማስተሩ ላይ ፍታ። እዚያ ሲፈታ ከለቀቀ ጥፋቱ ማስተሩ ጋ ነው፣ ካልለቀቀ ቱቦው ነው።

ሌላው ኋላ ነው። ፔዳሉን አንዴ ረግጠህ ወዲያው ስትደግመው ከፍ ብሎ ከያዘ፣ ብዙ ጊዜ የታምቡሩ ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው፤ አስተካክለው። ታምቡሩ ሲሠራ 228.6 ሚ.ሜ ነው፣ ውስጡ ከ230 ካለፈ ይጣል። የፊት ዲስኩ ደግሞ አዲስ ሲሆን 12.5 ሚ.ሜ ውፍረት አለው፣ 10.5 ከደረሰ አበቃ። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚሸከምበት ብረት ስለሌለው ያንተን ችግር ብቻውን ሊያመጣ ይችላል። በካሊብሮ ለካው።

ዲስክና_ሸራ፦
ቁልፍ14 ባለው እስማማለሁ፣ እኔ በካሊፐሩ ልቀጥል።

ሂሉክስ ላይ የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ኤስ12+8 ለድፍን ዲስክ ነው፣ ካለህ ዲስክ ጋር ይሄዳል። ኤስ12ደብሊው ሰፊ ነው፣ አየር አሳላፊ ዲስክ ይፈልጋል፤ የተለመደው የ300ዜድኤክስ ዲስክ በሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) እና በዲስኩ መሃል ስፔሰር (ማራቂያ ብረት) ገብቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ኤስ12+8 ትልቅ ሸራ ይሰጥሃል፣ ሸራውንም በእኩል ይጫነዋል፤ ዲስኩ ግን ያው 12.5 ሚሊው ነው። ቁልቁለት ላይ የመኪናውን ጉልበት በሙቀት መልክ የሚውጠው ዲስኩ እንጂ ካሊፐሩ አይደለም። ስለዚህ ዘይት፣ ቱቦና ሸራ ታድሰው ችግሩ ከቀጠለ፣ መሄድ ያለብህ ወደ ኤስ12ደብሊውና አየር አሳላፊው ዲስክ ነው። ኤስ12+8 ገጥሞ "ምንም አልተለወጠም" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ፈርቶ የገዛው ነው። ድንገት ስትቆም የምትቆምበትን ርቀትም አያሳጥርም፤ ያለህ ፍሬን ጎማውን ማሰር ከቻለ ገደቡ ጎማህ ነው።

ወደ ማስተሩ። የፒስተኑን ስፋት አስላ፣ ፊት ለፊት የሚገፋፉ ስለሆኑ የአንድ ጎን ብቻ ይቆጠራል። የፋብሪካው ዲያሜትር 54 ሚ.ሜ ነው፦ 22.9 ካሬ ሴ.ሜ። የምትገዛውን ፈተህ ለካ። ለምሳሌ በአንድ ጎን 43 እና 34 ሚ.ሜ ካገኘህ ድምሩ 23.6 ነው፤ ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ 7/8ቱ ማስተር ይበቃል። ሁለቱም 43 ከሆኑ 29 ካሬ ሴ.ሜ ይሆናል፣ ፔዳሉ በግልጽ ይረዝማል፣ ያኔ 15/16 ያስፈልግሃል። ከ7/8 ወደ 15/16 መሄድ የማስተሩን ስፋት በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፦ ፔዳሉ ያጥራል፣ ግን ያንኑ ያህል ጠንክረህ ትረግጣለህ። 1 ኢንች ለዚህ መኪና አልመክርም፣ እግር ያደክማል።

15/16ቱ ከ280ዜድኤክስ ይገኛል። ስትገጥም ኤፍ እና አር የሚሉትን ፊደሎች ተመልከት። የፊትና የኋላ መስመር ቦታው ከድሮው ማስተር ሊለያይ ስለሚችል ቱቦውን በለመደበት ቦታ ብቻ አትሰካው። ሌላው፣ ከሰርቮው (የእግርን ግፊት ከሚያግዘው ክፍል) የሚወጣውን ዘንግ አትጎትተው። ከጀርባው ያለው ክብ ጎማ ከቦታው ወድቆ ሰርቮው ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ትንሽ ሲነካ በድንገት ይይዛል እንጂ ልክ አይኖረውም። የዘንጉ ርዝመትም ወሳኝ ነው። ከረዘመ የማስተሩ ፒስተን ወደ ኋላ ጨርሶ አይመለስም፣ ዘይቱ የሚመለስበት ትንሽ ቀዳዳ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ካጠረ ደግሞ የፔዳሉ መጀመሪያ ባዶ ይሆናል።

ኤል24፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዲስኩን ለካሁት፣ 10.7 ነው። ስለዚህ ወደ ኤስ12ደብሊው ልሂድ። ሲገጠም ምን ላይ ልጠንቀቅ? የኋላው ዲስክስ?

ቁልፍ14፦
10.7 ላይ ያለ ዲስክ እድሜው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፣ ስለዚህ ውሳኔህ ልክ ነው።

ከዲስኩ ጀርባ ያለው የአቧራ ላሜራ መቆረጥ ወይም መውጣት አለበት። ቸርኬውን ከመጨረሻው ማጥበቅ በፊት በእጅ አዙረህ ከካሊፐሩ ጋር ቢያንስ 3 ሚ.ሜ ክፍተት መኖሩን አረጋግጥ። በ14 ቸርኬ ጠባብ ነው፤ ለሚዛን ውስጥ የተለጠፈው እርሳስም ካሊፐሩን ሊመታ ይችላል። ዲስኩ ሞዞው ላይ ከታሰረ በኋላ ማወላወሉን በሰዓት መለኪያ እይ፣ ከ0.1 ሚ.ሜ ካለፈ በመሃል ዝገት ወይም ቆሻሻ አለ፤ ፈተህ አጽዳ። ካሊፐሩን የሚይዙትን ብሎኖች በማኑዋሉ ቁጥር በቶርክ ቁልፍ እሰር፣ በግምት አይሆንም።

የአየር ማውጫው ብሎን የግድ ወደ ላይ ይሁን። ወደ ታች ከሆነ ግራና ቀኙን አለዋውጠሃል። ካሊፐሩ ያለ ችግር ይገጠማል፣ ፍሬኑም ይሠራል፣ ግን አየሩ ከላይ ስለሚታሰር ስንት ጊዜ ስፑርጎ ብታደርገው (አየሩን ብታወጣው) ፔዳሉ ስፖንጅ እንደሆነ ይቀራል። የመስመሩ ጥርስ ኤም10 በ1.0 ነው። የእንግሊዝ መኪና ቱቦ 3/8 በ24 ነው፣ በዓይን አይለይም፣ ጥቂት ዙር ይገባና ጥርሱን ይበላል። በእጅ እስከ ታች ካልገባ አቁም።

አዲስ ማስተር ከሆነ መኪናው ላይ ሳይወጣ ሞርሳ ላይ አየሩን አውጣ፣ ከዚያ ከሩቁ ጎማ ጀምር።

ኋላ_ታምቡር፦
የኋላውን አትንካ። ስትረግጥ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፣ በደንብ የተስተካከለ ታምቡር ይሸፍነዋል። ኋላ ኃይል ከጨመርክ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይታሰራል፣ ይህ ያለ ኤቢኤስ መኪና እርጥብ መንገድ ላይ ሲሆን ወደ ጎን ይዞርብሃል። የእጅ ፍሬኑም ሌላ ሥራ ነው።

ለማንኛውም ወደፊት ብትቀይር፣ ለታምቡር ተብሎ የተሠራ መስመር ላይ ወደ 10 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖር ይችላል፤ ዲስክ ላይ ከተተወ ሸራው ሁልጊዜ እየነካ ይሞቃል፣ ስለዚህ ይውጣ። የግፊት ማመጣጠኛም በኋላ መስመር ላይ አንድ ብቻ ይሁን። የሚስተካከለውን ስትጨምር የፋብሪካውን አውጣ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ኋላው ከሚገባው በላይ ይደክማል።

አሁን ግን ፊቱን ጨርስና አዲሱን ሸራ አለማምድ፦ ከ80 ወደ 15 ኪ.ሜ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ጊዜ ያህል፣ ጎማው ሳይታሰርና ሙሉ በሙሉ ሳትቆም፣ በየመሃሉ እየነዳህ አቀዝቅዝ። ሲጨርስ ፔዳሉን ረግጠህ አትቁም፣ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ቦታ ለይቶ ይለጠፋል፣ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ባዶ፣ ደረቅና ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ከ40 ጀምረህ ጠንክረህ ርገጥ፣ ሌላ ሰው ከውጭ ይመልከት፤ ቀድሞ የሚታሰረው የፊት ጎማ መሆን አለበት። ቁልቁለት ላይም ማርሹን ዝቅ አድርገህ ሞተሩ ይያዝ።