የባቡር ሞዴሌ ለምን የልደት ኬክ መሰለ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባቡር በአካል ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ባቡር ሲባል ልቤ ይጠፋል፣ ከየት እንደመጣብኝ አትጠይቁኝ። ውጭ ያለችው አክስቴ አምና ስትመጣ ኤችኦ በሚባለው መጠን፣ 1፡87 ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው፣ አንድ ሎኮሞቲቭ ከአራት ፉርጎና ከአንድ ካርቶን ሀዲድ ጋር ይዛልኝ መጣች። ደስታዬን ተዉት።

አንድ ሙሉ ችፑድ ገዛሁ፣ 244 በ122። ሀሳቤ ባቡሩ አባይ በረሃን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ማሳየት ነው። ሁለት ዙር ሀዲድ አነጠፍኩ። በፎም ተራራ ሠራሁ፣ ጄሶ ለሰንኩት፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፣ ከወንዝ ያመጣሁትን አሸዋ ሀዲዱ ሥር በተንኩ። አለቀ ብዬ ፎቶ ሳነሳው ቁጭ የልደት ኬክ! ታናሽ እህቴ አይታው «ሻማው የታለ?» አለችኝ። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? ባቡሩ ደግሞ አንዱ ጥግ ጋ ሲደርስ ይንቀረፈፋል። መብራት ሲጠፋማ ጭራሽ ቆመ ነው፣ የኛን መብራት ታውቁታላችሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

ዳሞት፦
ጎጃም ላይ ባቡር የት አየህ ወንድሜ? ኪኪኪ። ባጃጅ ሥራ፣ እሱ ቢያንስ እውነት ይመስላል።

የከዚራ ልጅ፦
ዳሞት ይሳቅ እንጂ ወረቀት ላይ የቀረ ባቡር ለአገራችን ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያ ከፋና ነጭ አባይ ይላል። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባና እዚያው ቀረ። ስለዚህ «ደጀን ባቡር ጣቢያ» ብለህ ብትጽፍ ማንም አይከስህም። እኔ ያደግኩት ድሬ ነው፣ አባቴ ጡረታ የወጣው ከምድር ባቡር ነው። አሁን ሥራ ፍኖተ ሰላም ጥሎኛል። ሀዲድ ናፍቆኝ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ዘመኑን ወስን። የያዝከው ሀዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊሜትር ነው። በ87 አባዛው፣ 1,435 ይመጣልሃል። ይሄ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋት ነው። የድሮው ባቡራችን ግን አንድ ሜትር ነበር፣ በኤችኦ 12 ሚሊሜትር ሀዲድ ይፈልጋል። እንግዲህ አዲሱን ዘመን ያዝ። ከሀዲዱ ሥር የተጋደሙት ፕላስቲኮች ቡናማ ከሆኑ ሲሚንቶ ግራጫ ቀባቸው፣ አዲሱ መስመር ላይ ኮንክሪት ናቸው። ያ መስመር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ያንተ ሎኮሞቲቭ ናፍጣ ከሆነ «እዚህ መብራት ገና አልገባም» በል፣ ሁሉም ሰው ያምንሃል።

አባይን ግን በልኩ እሠራለሁ ብለህ እንዳትሞክር። የሕዳሴ ድልድይ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፣ ከችፑድህ ይበልጣል። ቁልቁለቱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጣሪያው ከ11 ሜትር በላይ የሆነ ቤት መከራየት ሊኖርብህ ነው። ቆርጠህ አሳጥረው። የገደሉን እርከንና የድንጋዩን ቀለም ካገኘህ በዚያ መንገድ በአውቶብስ የወረደ ሁሉ አይቶ ይለየዋል፦ ከላይ ጥቁር ባዛልት፣ መሃል ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። ብዙ ሰው አንድ ግራጫ ቀብቶ ነው የሚጨርሰው።

ባቡሩን ዳገት ለማስወጣትም አትድከም። በአንድ ሜትር ከ2 ሳንቲም በላይ ከወጣ፣ በተለይ ኩርባ ላይ፣ ጎማው መንሸራተት ይጀምራል። ሀዲዱን ደልዳላ ላይ ተወውና መሬቱን ዝቅ አድርግ። ችፑዱን በመጋዝ ቁረጠው፣ ገደሉን ከጠረጴዛው በታች ሥራው፣ ድልድዩ በላዩ ይለፍ። ችፑድ መቁረጥ ያስፈራል፣ አውቃለሁ፣ እኔም እጄ ተንቀጥቅጧል።

ሁለተኛውን ዙር ደግሞ ንቀለው። አዎ፣ ንቀለው። ጅራቱን የሚያሳድድ ባቡር መጫወቻ እንጂ ሌላ ሊመስል አይችልም። በአንዱ ዙር የኋላውን ግማሽ ከተራራው ጀርባ ደብቀው፣ ባቡሩ ጠፍቶ ይምጣ። የፊተኛውንም ከችፑዱ ጠርዝ ጋር ትይዩ አታድርገው፣ ትንሽ አጋድለው። ከዚያ የሀዲዱን ጎን ዝገት ቀባው። እውነተኛ ሀዲድ የሚያብረቀርቀው ጎማ በሚረግጠው አናቱ ላይ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተወው ይህን አትተው።

ማኬት ሠሪዋ፦
እኔ ባቡር አልሠራም፣ ባህር ዳር ለአርክቴክቶች ማኬት፣ የሕንፃና የግቢ ትንሽ አምሳያ፣ ነው የምሠራው። የመሬቱ ጉዳይ ግን ያው ስለሆነ ልናገር። ኬክ ያስመሰለህ አረንጓዴው ነው። ከቆርቆሮ እንደወጣ ያለ አረንጓዴ የትኛውም ማሳ ላይ የለም። መጀመሪያ ወር ምረጥ። መስከረም ነው? አደይ አበባና ውሃ የጠገበ ጥቁር አፈር። ኅዳር? የደረሰ ጤፍ። የካቲት? አቧራ፣ ገለባ፣ የታጨደ ማሳ። ወሩን ካልመረጥክ ሁሉንም ትቀላቅልና እንደገና ኬክ ይሆንብሃል።

ቀለሙን ከሱቅ አትግዛ። ደጀን ስትሄድ የመንገዱን ዳር አፈር በፌስታል አምጣ። አድርቀው፣ በሙቀጫ ውቀጠው፣ በወንፊት ንፋው። የእንጨት ኮላ ቀብተህ በላዩ ነስንስ። የራሱ የአገሩ አፈር ስለሆነ ቀለሙ አይዋሽም። ጄሶውንም ከመለሰንህ በፊት በቀለም አቡካው፣ አለበለዚያ በተፈረፈረ ቁጥር ነጭ ጥርሱን ያሳይሃል።

የወንዝ አሸዋህ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ ትልቅ ነው። ሀዲድ ሥር የሚፈሰው ጠጠር 5 ሳንቲም ቢሆን በ87 ሲካፈል ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር የምታክል የጤፍ ፍሬ እንኳ ባንተ ዓለም ወደ 9 ሳንቲም የሚጠጋ ድንጋይ ናት፣ አስበው! (ጤፍ ራሱን እንዳትበትን። አንዴ ለማሳ ብዬ ጤፍ ኮላ ላይ ነስንሼ አይጥ በሁለት ሌሊት ግማሹን ማሳ አጨደችልኝ፣ ደንበኛው ጠዋት መጥቶ ሲያየው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።) ሁለተኛ፣ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጥቁር የብረት ደቃቅ አለ፣ ሞተርህ ማግኔት ስላለው ይስበዋል። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጣ፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ አሸዋው ላይ አመላልሰው። የሚወጣውን ስታይ ትገረማለህ።

ጠጠሩን ስታጣብቅ ኮላና ውሃ እኩል ለእኩል፣ ከሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር። ሳሙናው ከሌለ ኮላው ላዩ ላይ ድብልብል ብሎ ይቀራል። መጀመሪያ ውሃ ወይም አልኮል እርጭ፣ ቀጥሎ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርግ። እስኪደርቅ አትንካው።

የደረሰ ጤፍ ቁመቱ አንድ ሳንቲም ገደማ ይሆንልሃል። አሮጌ ፎጣ ገለባ ቀለም ንከርና አንጥፍ፣ በማበጠሪያ ወደ አንድ ጎን አጋድመው፣ ነፋስ እንደመታው። ለባህር ዛፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠምዝዘህ ግንድ ሥራ። የ20 ሜትር ዛፍ 23 ሳንቲም ይመጣል፣ ግን 15 ይበቃሃል፣ አለበለዚያ ዛፉ ተራራህን ያሳንሰዋል። ለቅጠሉ በጥቁርና በአረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ። ሎኮሞቲቭህን ደግሞ አቆሽሸው! የከሰል ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ፣ ጣሪያው ላይ ጥቀርሻ፣ ጎማው አካባቢ ቀይ አፈር። ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ባቡር አባይ በረሃን አላቋረጠም።

ጠጋኙ ከእንጅባራ፦
እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ስለ መሬቱ አልገባበትም። ጥጉ ጋ የሚንቀረፈፈው የሀዲዱ መገጣጠሚያ ስለላላና ኤሌክትሪኩ በመንገድ ላይ ስለሚደክም ነው። ከሥር ሁለት ወፈር ያሉ ሽቦዎች ዘርጋ፣ በየሜትሩ ከነሱ ቀጭን ሽቦ አውጥተህ ሀዲዱ ላይ በይደው። ሀዲዱን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ወልውል፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው፤ ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይገባል። መብራቱን በ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ታልፈዋለህ፣ ሎኮሞቲቭህ ዲጂታል ካልሆነ አንድ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ይበቃዋል። ግን ባትሪው አፍ ላይ የ2 አምፔር ፊውዝ አድርግ፣ ስማኝ። ፉርጎ ከሀዲድ ወጥቶ ሁለቱን መስመር ሲያገናኝ ባትሪ እንደ ሱቅ ትራንስፎርመር አይታገስም። ሽቦው ይግላል፣ ፎሙ ይቀልጣል፣ ኮላውም ይነድዳል።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ እህቴ ማኬት ሠሪዋ። ሁለተኛውን ዙር ትናንት ማታ ነቀልኩት፣ ሆዴ ባር ባር እያለ። ማግኔቱን ሞከርኩ፣ ከአንድ ጣሳ አሸዋ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጥቁር ነገር ወጣ። ሎኮሞቲቩ ሲጮህ የከረመው ለካ በዚህ ነው። ወሩን ኅዳር አደረግኩት፣ አሮጌ ፎጣ እናቴ ጋ ሞልቷል። የጋሼ ጠጋኙን ፊውዝ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እገዛለሁ። የቀረኝ ችፑዱን መቁረጥ ነው፣ መጋዙ ተቀምጧል፣ እኔም ተቀምጫለሁ። ለከሰሉ ግን የማገዶው ከሰል ሲፈጭ ሸካራ ሆነብኝ፣ ምን ይሻላል?

ማኬት ሠሪዋ፦
በናይለን ካልሲ ንፋው። ንግግርህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ አሁን ቁረጥ።

ዳሞት፦
እሺ ተሸነፍኩ። እኔ ፋግታ ለኮማ ነኝ፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰል ከሰል አገር። የደቀቀውን ከጆንያው ሥር ጠርጌ እልክልሃለሁ፣ እንደ ዱቄት ነው። ባጃጇን ግን ደጀን ጣቢያ በር ላይ አቁምልኝ፣ ተሳፋሪ ትጠብቅ።