ጠረፍ ቀበሌ ላይ ተመድቤያለሁ፣ ተማሪዎቹ በየወቅቱ ይጠፉብኛል

ቆላ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ኦሞ፣ ዳሰነች ውስጥ አስተምራለሁ። ከኬንያ ድንበር ብዙም አንርቅም። ትምህርት ቤታችን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ነው። መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግማሹ ወፍ ጥበቃ ወጣ። በጋው ሲጠና ደግሞ ወንዶቹ ፍየል ተከትለው ይሄዳሉ አሉኝ። ፖሊሲው በአፍ መፍቻ ቋንቋ አስተምር ይላል፤ እኔ ከዳሰነችኛ ሰላምታ አላልፍም። ከየት ልጀምር?

የግመል ሰሌዳ፦
ከሰዓቱ ጀምር። እኔ አፋር ውስጥ ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት ነበር የማስተምረው። ድንኳኑ፣ ሰሌዳው፣ የመጽሐፉ ሳጥን ሁሉ ግመል ላይ ነው የሚጫነው። ካርማ፣ የአፋር ዋናው የክረምት ዝናብ፣ ሲዘንብ ከብቱ ወደ ሣሩ፣ እኛም ከኋላ። ወዴት እንደሚሄዱ ቀድሜ የምሰማው በዳጉ፣ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ በሚለዋወጡበት ልማድ፣ ነበር። መንደሩ ያወቀውን መምህሩ ካላወቀ ባዶ ድንኳን ይዞ ይቀራል!
መስከረም ገብቶ ሰኔ የሚዘጋ ትምህርት ክረምት ለሚያርሰው ደገኛ ይመቻል። ለአንተ ልጆች አይሆንም። ወፍ የሚበዛው ጠዋትና ወደ ማታ ነው፤ ቀትር ላይ ጋብ ይላል። በእሱ ሰዓት አስተምር። የበጋውን ነገር ደግሞ ሽማግሌዎቹን አሁኑኑ ጠይቅ፤ ከብቱ መቼ፣ ወዴት ነው የሚሄደው?

እናት መምህርት፦
በቀትር? በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር? ልጆቹን ልትጠብሳቸው ነው እንዴ?

የግመል ሰሌዳ፦
እህቴ፣ ቆርቆሮ ሥር አላልኩም። ዛፍ አለ። ሰሌዳው ግድግዳ ላይ አልተወለደም።

የወረዳ ባለሙያ፦
ሰዓት ስትቀይር ከወመህ (ከወላጅ መምህር ኅብረት) ጋር ተስማምተህ ቃለ ጉባኤ ያዝ፣ ግልባጩን ለወረዳው ላክ። አለበለዚያ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ጠዋት ባዶ ክፍል ቢያይ ተጠያቂው አንተ ነህ። ለቋንቋው ከመንደሩ 8ኛ የጨረሰ ወጣት ፈልግ። በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች አመቻቾቹ ከዚያው ማኅበረሰብ የተመለመሉ ናቸው። እዚያ ልጆቹ የአራቱን ክፍል ትምህርት በሦስት ዓመት ይሸፍናሉ። 1ኛና 2ኛን ወጣቱ ይምራ፣ አንተ ዕቅዱን ያዝ።
ሌላው ከ4ኛ በኋላ ያለው ነው። በ2015ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ነው። 5ኛ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ሩቅ ከሆነ በተለይ ሴቶቹ እዚያው ይቀራሉ። አዳሪ ቤት ካለ ዝርዝራቸውን ከወዲሁ አስገባ።

ቆላ መምህር፦
አመሰግናለሁ። ወጣት አለ፣ ግን በነፃ እስከ መቼ ይሠራልኛል?

የግመል ሰሌዳ፦
በነፃማ አታሠራው፣ ወር ሳይሞላው ፍየሉ ጋ ይመለሳል። ወመህ ከሚያዋጣው ላይ ይከፈለው፤ ገንዘብ ከሌላቸው ማሽላም ሆነ ፍየል ይስጡት። ስንት እንደሆነ አንተ አትወስን፣ ሽማግሌዎቹ ይቁረጡ። ቃላቸውን ካጠፉ የሚያፍሩት እርስ በርሳቸው ነው።