በዳታቤዝ በኩል ያለ ጥገኝነት እንዴት ይለካል?

ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኛል። ጅማ ውስጥ ለቡና ነጋዴዎች የሚሆን የፓይተን ሲስተም ላይ እሠራለሁ። የግዢው ሞጁል (የፕሮግራሙ ክፍል) በተነካ ቁጥር የክፍያው ይበላሻል።

የሞጁሎቹን እርስ በርስ ጥገኝነት በቁጥር ለማየት ኢምፖርቶቹን (አንዱ ሞጁል ሌላውን የሚያስገባባቸውን የኮድ መስመሮች) ቆጠርኩ። አንድ ሞጁል የሚጠቀምባቸውን ሞጁሎች ብዛት፣ ለእነሱና እሱን ለሚጠቀሙት ሞጁሎች ድምር አካፈልኩ። ውጤቱ ወደ 0 ሲጠጋ የረጋ፣ ወደ 1 ሲጠጋ በቀላሉ የሚናወጥ ማለት ነው። ክፍያ 0 ወጣለት! እንዴት ሆኖ?

ግዢና ክፍያ የሚገናኙት ዳታቤዙ ውስጥ ባለ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ግዢ ክብደትን በኪሎ ፋንታ በፈረሱላ (17 ኪሎ) መመዝገብ ሲጀምር፣ ክፍያ ያንኑ ቁጥር እንደ ኪሎ አነበበው። የ17 እጥፍ ልዩነት! ይህ የገበሬ ገንዘብ ነው። ኢምፖርት ቆጠራው ግን ይህን ጨርሶ አያየውም።

ሠንጠረዡን ራሱን እንደ ሞጁል ልቁጠረው? ወይስ ከጊት (የኮድ ለውጦችን ከሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪክ አብረው የሚቀየሩ ፋይሎችን ማየት ይሻላል? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።