ፕሮቲየስ ላይ የሚቆጥረው ካውንተር ብሬድቦርድ ላይ 9 ላይ ቆመ

ሦስተኛ_ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዲጂታል ሎጂክ ዲዛይን የግሩፕ ፕሮጀክታችን ከ0 እስከ 99 የሚቆጥር ካውንተር ነው፦ ሁለት 74ኤልኤስ90 (ቆጣሪው ቺፕ፣ ባጭሩ 7490)፣ ሁለት 74ኤልኤስ47 (ቁጥሩን ለዲስፕሌዩ የሚተረጉመው ቺፕ፣ ባጭሩ 7447)፣ ሁለት ኮመን አኖድ (የሴግመንቶቹ ፖዘቲቭ እግር የጋራ የሆነ) ዲስፕሌይ፣ አንድ ፑሽ በተን። ፕሮቲየስ (ሰርኪዩት በኮምፒውተር የሚሞከርበት ሶፍትዌር) ላይ ልክ ነው። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ግን የአንድ ቤቱ 9 ላይ ተቸክሏል። በተኑን ወደ አሥር ቤቱ ስናዛውረው አንዴ ስንጫን ሁለት ሦስት ይዘላል። ደግሞ 1 ሲጽፍ ደማቅ፣ 8 ሲጽፍ ፈዛዛ ነው። ፓወሩ 9 ቮልት ባትሪ ከ7805 (ወደ 5 ቮልት ከሚያወርደው ሬጉሌተር) ጋር። ሰኞ ዴሞ አለብን፣ እባካችሁ።

ላብ_ረዳት፦
9 ላይ መቆሙ ራሱ መልሱን ይናገራል። የ7490 ፒን 6 እና 7 ሁለቱም "1" ሲሆኑ ካውንተሩ በግድ 9 ይሆናል። እነዚህን የመሰለ ቲቲኤል ቺፕ ደግሞ ያልተገናኘ ኢንፑትን እንደ "1" ነው የሚያነበው። ስለዚህ ፒን 2፣ 3፣ 6 እና 7ን አራቱንም ግራውንድ አድርጉ። አድርገነዋል ካላችሁ በመልቲሜትር እያንዳንዱን እግር ለኩ፤ የተላላ ጃምፐር በዓይን አይታይም።

ፓወሩንም እዚያው ቺፑ እግር ላይ ለኩት። ፕሮቲየስ የፓወር ፒኖችን ስለሚደብቅ ብዙ ተማሪ በልማድ 14 እና 7 ላይ ይሰካል። 7490 ግን ፖዘቲቩ ፒን 5፣ ግራውንዱ ፒን 10 ነው። ንባቡ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ረጅሙን ብሬድቦርድ ከሆነ የያዛችሁት፣ የፓወር መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ቀዩ ቀለም ከተቋረጠ በሽቦ አገናኙት።

አኖድ_ካቶድ፦
የመፍዘዙ ነገር፦ አንድ ሬዚስተር ብቻ የጋራው እግር ላይ አድርጋችኋል ማለት ነው። 1 ሲጽፍ ሁለት ሴግመንት፣ 8 ሲጽፍ ሰባት ሴግመንት ያንኑ ከረንት ይካፈላሉ። ለእያንዳንዱ ሴግመንት የራሱ 330 ኦም፣ በድምሩ 14 ሬዚስተር ያስፈልጋል።

ያኔ አንድ ሴግመንት ወደ 9 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ 88 ሲጽፍ ዲስፕሌዩ ብቻ 120 ገደማ ነው። ያቺ ትንሽ ባትሪ ይህን ብዙ አትሸከምም። ቮልቴጇ ከ7 በታች ሲወርድ 7805ም 5 ቮልቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ዴሞው መሃል ላይ ይጠፋባችኋል። የስልክ ቻርጀርና የተቆረጠ የዩኤስቢ ገመድ ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ግራውንድ ነው፣ ግን ሳትለኩ አትሰኩ።

ፍሊፕ_ፍሎፕ፦
መዝለሉ የበተኑ ንጥረት ነው። ብረቱ ሲገናኝ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል፣ 7490 እያንዳንዱን ንጥረት ይቆጥራል። አንዳንዱ 555 (ታይመር ቺፕ) ይጨምራል፤ በተኑን ረዘም አድርጋችሁ ከያዛችሁት ግን ስትለቁት እንደገና ሊቆጥር ስለሚችል አልመክረውም። ባለ ሦስት እግር ስዊችና አንድ 74ኤልኤስ00 (ናንድ ጌቶች ያሉት ቺፕ) ውሰዱ። የስዊቹ መሃል እግር ግራውንድ፤ አንዱ ጎን ወደ 00ው ፒን 1፣ ሌላው ወደ ፒን 5፤ ሁለቱም ጎኖች በ4.7 ኪሎኦም ወደ 5 ቮልት። ፒን 3ን ወደ 4፣ ፒን 6ን ወደ 2 መልሱ። ከፒን 3 ወደ ካውንተሩ ፒን 14። የ00ው የራሱ ፓወር በተለመደው 14 እና 7 ነው። ክላስ የተማራችሁት ላች (ያለበትን ሁኔታ ይዞ የሚቆይ ሰርኪዩት) ስለሆነ ኢንስትራክተሩም ይወደዋል። በየቺፑ ፓወር አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አትርሱ።

ሦስተኛ_ዓመት፦
ተባረኩ! 9ኙም መዝለሉም ተፈታ። አሁን ግን 0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 2፣ 3፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 እያለ ነው የሚሄደው።

ላብ_ረዳት፦
ፒን 8 እና 9 ተቀያይረዋል። 7490 ላይ ቅደም ተከተሉ እንደ እግሩ ቁጥር አይደለም፦ ኤ ፒን 12፣ ቢ ፒን 9፣ ሲ ፒን 8፣ ዲ ፒን 11። በ7447 በኩል እነዚህ በተራ ወደ 7፣ 1፣ 2፣ 6 ይገባሉ። የ7490ው ፒን 12 ወደ ራሱ ፒን 1 መመለሱንም አረጋግጡ። የአሥር ቤቱ ክሎክ (የሚቆጥረው ሲግናል) የሚመጣው ከአንድ ቤቱ ፒን 11 ነው፤ ለምን ከእሱ እንደሆነ መጠየቃችሁ አይቀርም። 7490 የሚቆጥረው ሲግናሉ ከ1 ወደ 0 ሲወርድ ነው፣ ዲ ደግሞ የሚወርደው 9 ወደ 0 ሲሻገር ብቻ ነው።